በሪሊዝ ፍሪዝ ወቅት ዋና ዋና ኢንተርፌሶችን አለመነካካት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ጅማ ውስጥ ሊኑክስና ፍሪቢኤስዲ ላይ ለሚሠሩ ነው፦ የኮምፒውተር ላብ ለሚያስተዳድሩ፣ ላይብረሪና ፓኬጅ ለሚያዘጋጁ፣ ለቡና መጋዘን ወይም ለመድኃኒት ቤት ፕሮግራም ለሚጽፉ። የትእዛዝና የፋይል ስሞችን በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናል ላይ ግን ያው በላቲን ነው የሚተየቡት።

ፍሪዝ ገባ ሲባል ሥራ ቆመ ማለት ነው?

አይደለም። ፍሪዝ አዲስ ሪሊዝ (ለሕዝብ የሚለቀቅ ቅጂ) ከመውጣቱ በፊት ለውጥ የሚገደብበት ጊዜ ነው፤ የሚቆመው ሌሎች ተደግፈው የቆሙበትን ነገር፣ ማለትም ኢንተርፌሱን፣ መቀየር ነው። ስህተት ማረሙ፣ መፈተኑ፣ ሰነድ ማሟላቱ እንዲያውም ያኔ ይብሳል። ከታች ያለ አንድ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት የተዘጋጀ ኮድ) ፋንክሽኑን ቢቀይር በላዩ የተሠሩት ፓኬጆች ሁሉ እንደገና ኮምፓይል መደረግና መፈተን አለባቸው፤ ፍሪዝ ሲገባ የሌለው ነገር ደግሞ ይኸው የመፈተኛ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጥሩ የሚባል ለውጥ እንኳ በዚያን ሰሞን የሚመዘነው ስንት ፓኬጅ ይነካል በሚል ነው።

በአንድ ቀን ነው የሚገባው?

በደረጃ ነው። የሊኑክስ ስርጭት የሆነውን ደቢያን 13ን፣ ማለትም ትሪክሲን፣ እንይ። መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. (ማርች 15 ቀን 2025) የትራንዚሽንና የቱልቼይን ፍሪዝ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ የላይብረሪ ኤቢአይ (ምን እንደሆነ ከታች አለ) የሚቀይርም ሆነ ኮምፓይለር የሚያንቀሳቅስ ትልቅ ለውጥ ቦታ የለውም። ሚያዝያ 7 ሶፍት ፍሪዝ ሆነ፦ ትንንሽና ያነጣጠሩ እርማቶች ብቻ፤ ቴስቲንግ (ቀጣዩ ሪሊዝ የሚዘጋጅበት ክፍል) ውስጥ ያልነበረ ፓኬጅም አይገባም። ግንቦት 7 ሃርድ ፍሪዝ፣ ሐምሌ 20 ሙሉ ፍሪዝ፣ ነሐሴ 3 (ኦገስት 9) ሪሊዝ።

የኢንተርፌሱ በር የተዘጋው ከሪሊዙ አምስት ወር ያህል ቀድሞ እንደሆነ ልብ በሉ። «ገና ጊዜ አለ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ የሚቆጥረው ከሪሊዙ ቀን ነው፤ ላይብረሪ የያዘ ሰው ግን መቁጠር ያለበት ከመጀመሪያው ፍሪዝ ነው።

ሌሎቹ ጋ ስሙ ይለያያል እንጂ ነገሩ ያው ነው። የሊኑክስ ከርነል አዲስ ነገር የሚቀበለው ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ ከዚያ በየሳምንቱ የሙከራ ቅጂ እየወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ላይ ይዘጋል። ፍሪቢኤስዲ ፍሪዝ ሲገባ ያለ ሪሊዝ ቡድኑ ፈቃድ ኮድ አይገባም። አንድሮይድ ደግሞ «የፕላትፎርም መረጋጋት» የሚለው ደረጃ አለው፤ አንድሮይድ 16 እዚያ የደረሰው ማርች 2025 በወጣው ቤታ 3 ነው፤ ከዚያ በኋላ የመተግበሪያ ኤፒአዮቹ አይቀየሩም።

ኤፒአይ እና ኤቢአይ ምን ይለያያቸዋል?

ኤፒአይ ኮድ ስትጽፉ የምታዩት ነው፦ የፋንክሽኑ ስም፣ የሚቀበለው፣ የሚመልሰው። ኤቢአይ ኮዱ ከተኮመፓየለ በኋላ ማሽኑ የሚያየው ነው፦ የትኛው ዋጋ ስንተኛው ባይት ላይ ተቀምጧል፣ ስትራክቱ (አብረው የተቀመጡ ዋጋዎች ጥቅል) ስንት ባይት ነው። ፍሪዝ ላይ ጣጣ የሚያመጣው በብዛት ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ኮዱ ሲታይ ደህና ይመስላል፣ ኮምፓይለሩም ዝም ይላል።

ከቡና መጋዘን ሚዛን የሚያነብ ላይብረሪ አለን እንበል። ስትራክቱ ውስጥ ሦስት ነገር አለ፦ የሚዛኑ መለያ ቁጥር 4 ባይት፣ ክብደት 8 ባይት፣ ሰዓት 8 ባይት። በ64 ቢት ማሽን መለያው 0 ላይ ይጀምራል፤ 4 ባይት ክፍተት ይተዋል፤ ክብደቱ 8 ላይ፣ ሰዓቱ 16 ላይ ይቀመጣል፤ ጠቅላላው 24 ባይት ነው። አሁን አንድ ሰው የባዶ ጆንያውን ክብደት የሚይዝ 8 ባይት ከመለያው ቀጥሎ ጨመረ። ክብደቱ ወደ 16፣ ሰዓቱ ወደ 24 ተገፋ፤ ጠቅላላው 32 ሆነ። ቀድሞ የተኮመፓየለው ፕሮግራም ይህን አያውቅም፤ አሁንም የሚያነበው 8ኛው ባይት ላይ ነው። የቡናውን ክብደት ፈልጎ የባዶ ጆንያውን ያነባል። የስህተት መልእክት የለም፣ ፕሮግራሙም አይወድቅም፤ ሂሳቡ ብቻ ይሳሳታል። ይባስ ብሎ ቦታውን የሚያዘጋጀው ፕሮግራሙ ከሆነ፣ እሱ 24 ባይት አዘጋጅቶ ላይብረሪው 32 ይጽፍበታል፤ የተረፈው 8 ባይት የጎረቤቱን ዳታ ይደመስሳል።

«የጆንያውን ክብደት ወደ 4 ባይት አሳንሰን እዚያ 4 ባይት ክፍተቱ ውስጥ ብንከተውስ?» የሚሉ አሉ። መጠኑ አይቀየርም፤ እውነት ነው። ግን የድሮው ፕሮግራም ያን ክፍተት ዜሮ አድርጎ አያውቅም፤ ስለዚህ አዲሱ ላይብረሪ የሚያገኘው ቆሻሻ ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ታዲያ አዲስ መረጃ መጨመር ብንፈልግ?

ስትራክቱን ተዉትና አዲስ ፋንክሽን ጨምሩ፤ የጆንያውን ክብደት ለብቻው የሚመልስ። ከመነሻው ግን የተሻለው ስትራክቱን ለተጠቃሚው አለማሳየት ነው፦ ፖይንተር (የቦታውን አድራሻ) ብቻ ስጡት፣ ቦታውን ላይብረሪው ያዘጋጅ፣ ማንበቡና መጻፉ በፋንክሽን ይሁን። ያኔ ውስጡን እንዳሻችሁ ብታደርጉት ማንም አይነካም። ይህ ካልተቻለ ከመጀመሪያው ሪሊዝ ጀምሮ መጨረሻው ላይ መጠባበቂያ ባይቶች ተዉ፤ ዜሮ መሆናቸውንም ላይብረሪው ያረጋግጥ፣ ዜሮ ካልሆኑ ጥሪውን አይቀበል። ያላረጋገጠ መጠባበቂያ ከክፍተቱ አይሻልም።

አዲስ ፋንክሽን ብቻ መጨመር ፍሪዝ ላይ ይፈቀዳል?

የድሮ ፕሮግራሞችን አይሰብርም። ነገር ግን አዲሱን ፋንክሽን የተጠቀመ ፕሮግራም ከአሮጌው ላይብረሪ ጋር አይነሳም፤ ስለዚህ የፓኬጅ ጥገኝነቶች ይቀየራሉ። አንድን ስህተት ለማረም የግድ ካልሆነ ለቀጣዩ ዙር ይቆይ።

ላይብረሪያችን ላይ ከባድ ስህተት ተገኘ፤ እርማቱ ኢንተርፌሱን ይነካል፤ ፍሪዝ ደግሞ ገብቷል። ምን ይሻላል?

በመጀመሪያ ኢንተርፌሱን ሳይነኩ ማረም ይቻል እንደሆነ ፈትሹ። ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ እርማቱ ላያምር ይችላል፤ የግድ እንዲያምርም አያስፈልግም። የተቀበለውን ዋጋ መፈተሽ፣ ከተፈቀደው ያለፈውን አለመቀበል፣ ውስጥ ውስጡን ሌላ ፋንክሽን መጥራት ይበቃል።

ካልተቻለ አዲሱን ከአሮጌው ጎን አኑሩ። ጂሊብሲ (የሊኑክስ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ) ይህን የሚያደርገው በሲምቦል (በፋንክሽን ስም) ቨርዥን ነው፦ አንድ ስም ሁለት ቅጂ ይኖረዋል፤ ቀድሞ የተኮመፓየለው የቀድሞውን፣ አዲሱ አዲሱን ያገኛል። ፍሪቢኤስዲም ይኸው ዘዴ አለው፤ የፋይል መለያ ቁጥርን ወደ 64 ቢት ያሳደገው ለ12.0 ሲሆን፣ ለውጡን ያስገባው ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናው የልማት ቅርንጫፍ ላይ ነው፣ ሪሊዝ ሊወጣ ሲል አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ በእኛ እምነት ሰዎች ከሚገባው በታች የሚጠቀሙበት መንገድ ነው። ስህተቱን ያመጣው አዲሱ ቅጂ ከሆነ የቀድሞውን መልሱት። አንድ ችግር አለ፦ የፓኬጅ አስተዳዳሪው በራሱ ወደ ዝቅተኛ ቁጥር አይወርድም። ደቢያን ይህን የሚያልፈው ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ውስጡን አሮጌ በማድረግ ነው። በማርች 2024 በኤክስዜድ ላይብረሪ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተደበቀ የጀርባ በር ሲገኝ የወጣው ፓኬጅ ቁጥሩ «5.6.1+ሪሊ5.4.5» ነበር፦ ስሙ 5.6.1፣ ይዘቱ 5.4.5። ኡቡንቱ በበኩሉ ለ24.04 ያዘጋጃቸውን፣ ያ ኮድ ከገባ በኋላ የተገነቡ ፓኬጆች እንደገና ገንብቶ ቤታውን ከኤፕሪል 4 ወደ ኤፕሪል 11 አሸጋገረ።

ከነዚህ አንዱም ካልሆነ፣ ጉዳዩም የደህንነት ከሆነ፣ ሶኔሙን (ፕሮግራሞች ላይብረሪውን የሚፈልጉበትን ስም) ቀይሮ በላይብረሪው ላይ የቆመውን ሁሉ እንደገና መገንባት ይቀራል። ይህን ሪሊዝ ቡድኑን ሳታማክሩ አትጀምሩት። ስንት ፓኬጅ እንደሚነካ ቀድማችሁ በአፕት-ካሽ አርዲፔንድስ ቁጠሩ፤ ጥያቄያችሁ ላይ ቁጥሩን ጻፉ።

የተለየ ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል?

ደቢያን ላይ በሪፖርትበግ «አንብሎክ» የሚል ጥያቄ ለሪሊዝ ቡድኑ ይከፈታል። ቅጹ ምክንያቱን፣ ፈቃዱ ካልተሰጠ የሚደርሰውን ጉዳት፣ የተደረገውን ፍተሻና ስጋቱን ይጠይቃል፤ ቴስቲንግ ውስጥ ባለውና በአዲሱ ምንጭ ኮድ መካከል ያለው ልዩነት በዴብዲፍ ወጥቶ ይያያዛል። ልዩነቱን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ነው የሚያነበው። ሦስት መስመር እርማት ውስጥ የኮድ ቅርጽ ማስተካከያ፣ የፋይል ስም ለውጥና የፓኬጅ ደረጃ ማሻሻያ የሚጨምር ሰው ውድቅ ቢደረግበት አይገረም።

ሳናውቅ እንዳልሰበርን እንዴት እናረጋግጣለን?

የቀድሞውንም አዲሱንም ላይብረሪ ከዲበግ መረጃ ጋር ኮምፓይል አድርጉ። ያለዚያ ማወዳደሪያው መሣሪያ፣ ኤቢአይዲፍ፣ የሚያየው የሲምቦል ስም ብቻ ነው፤ ከላይ ያለውን የጆንያ ስህተት አያገኘውም። ከዚያ ሁለቱን ፋይሎች ለኤቢአይዲፍ ስጡት፤ ሊብአቢጌይል የሚባለው የመሣሪያ ጥቅል አካል ነው። የሄደር ፋይሎቹን (ለተጠቃሚው የሚታየውን የሚዘረዝሩትን) አቃፊ ከጨመራችሁለት የውስጥ ስትራክቶችን ትቶ ለሕዝብ የወጣውን ብቻ ያወዳድራል። ሲጨርስ የሚመልሰውን ቁጥር ተመልከቱ፦ 0 ከሆነ ለውጥ የለም፤ 4 ከሆነ ለውጥ አለና ሰው ይየው፤ 12 ከሆነ ተሰብሯል። 1 ወይም 2 የተደመረበት ከሆነ መሣሪያው ራሱ በትክክል አልሠራም፤ ይህን «ችግር የለም» ብሎ የሚያልፍ ስክሪፕት እንዳትጽፉ።

የደቢያን ፓኬጅ ከሆነ የሲምቦል ዝርዝር ፋይል ይኑረው። ዲፒኬጂ-ጀንሲምቦልስ እንዲሁ ሲሄድ ግንባታውን የሚያቆመው ሲምቦል ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ደረጃውን ወደ 4 ስታሳድጉት አዲስ ሲምቦል ሲጨመርም ያቆማል። ፍሪዝ ላይ 4 ይሁን።

ከሁሉም ግን አንድ ፍተሻ አይቅር፦ በአሮጌው ላይብረሪ የተኮመፓየለውን ፕሮግራም፣ እንደገና ሳትኮመፕሉት፣ ከአዲሱ ላይብረሪ ጋር አስነሱት። ብዙ ቡድን መፈተኛ ፕሮግራሙን በአዲሱ ሄደር እንደገና ገንብቶ ያሂድና «ሁሉም አለፈ» ይላል። እንደገና ሲገነባ እኮ አዲሱን ቅርጽ ይማራል፤ ተጠቃሚው እጅ ያለው ግን አሮጌው ነው።

ለሲ++ ላይብረሪዎች ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ክላስ መሀል አንድ ቨርቹዋል ፋንክሽን መጨመር ከሱ በታች ያሉትን ሁሉ ቦታ ያስቀይራቸዋል።

ኤቢአይዲፍ 0 መለሰ፤ ፕሮግራሞች ግን ተበላሹ። እንዴት ይሆናል?

ባህሪው ተቀይሯላ። ስሙና ቅርጹ እንዳለ ሆኖ የሚሠራው ከተለየ ለተጠቃሚው ያው ስብራት ነው።

ጂሊብሲ 2.13 ላይ ሜምሲፒዋይ የሚባለው ኮፒ አድራጊ ፋንክሽን ፈጠነ። ደንቡ ምንጩና መድረሻው መደራረብ የለባቸውም ይላል፤ አዶቢ ፍላሽ ግን ይደራርብ ነበርና ድምፁ ተንሻፈፈ። በደንቡ ጥፋቱ የፍላሽ ነው። ቢሆንም 2.14 ላይ ለፋንክሽኑ አዲስ ቨርዥን ተሰጥቶት የድሮ ፕሮግራሞች መደራረብን የሚችለውን ቅጂ እንዲያገኙ ተደረገ። ትክክለኛው አሠራር ይህ ይመስለናል፤ «ደንቡን አላነበቡም» የሚለው መልስ የተጠቃሚውን ድምፅ አያስተካክልም።

ለእኛ የበለጠ የሚቀርበው የፊደል ተራ ነው። ጂሊብሲ 2.28 እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ የጽሑፍ አደራደር ሕጉ በሰፊው ተቀየረ። ፖስትግሬስ የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ኢንዴክሱን (የፍለጋ ማውጫውን) የሚደረድረው በሲስተሙ ሕግ ከሆነ፣ ከኡቡንቱ 18.04 ወደ 20.04 ወይም ከደቢያን 9 ወደ 10 የተሻገረ ሰርቨር ላይ አሮጌው ኢንዴክስ በአሮጌው ተራ፣ ፍለጋው በአዲሱ ተራ ይሄዳል። ምልክቱ ግራ ያጋባል፦ እንዳለ የምታውቁት የደንበኛ ስም ሲፈለግ «የለም» ይላል፤ አንድ ብቻ መሆን ያለበት መለያ ሁለቴ ይመዘገባል። መፍትሔው ሲስተሙ እንደተሻሻለ ዳታቤዙን ሪኢንዴክስ ማድረግ፣ ማለትም ማውጫውን እንደገና መሥራት፣ ነው። በሲ ሎካል (ፊደልን በቁጥር ኮዱ ብቻ በሚደረድረው) የተከፈተ ዳታቤዝ አይነካውም።

በስክሪን ላይ የሚታይ ጽሑፍም ኢንተርፌስ ነው። ጌትቴክስት የሚባለው የትርጉም መሣሪያ ትርጉም የሚፈልገው በእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ፍሪዝ ላይ አንድ ነጠላ ሰረዝ ያስተካከለ ፕሮግራመር የአማርኛው ትርጉም ጠፍቶ እንግሊዝኛው እንዲታይ ያደርጋል። ኡቡንቱ ለዚህ ሲል ለገጽታና ለጽሑፍ የተለየ ፍሪዝ አለው።

ትልቅ ስብራት የግድ ከሆነ መቼ ይሁን?

ፍሪዙ እንደተነሳ፣ ማለትም አዲሱ ዙር ሲጀምር። ደቢያን በ32 ቢት አርክቴክቸሮች ላይ የሰዓት መያዣውን ከ4 ወደ 8 ባይት ያሳደገበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ነው የገባው፤ ከትሪክሲ የመጀመሪያ ፍሪዝ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ። 4 ባይቱ የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ላይ ነው፤ በጥምቀት ዕለት መሆኑ ነው። የተነኩት ላይብረሪዎች በፓኬጅ ስማቸው መጨረሻ «ቲ64» ተጨምሮባቸዋል፤ ለምሳሌ «ሊብኤስኤስኤል3ቲ64»። አሮጌ ባለ 32 ቢት ፒሲ ያላችሁ እወቁት፦ አይ386 ከዚህ ለውጥ ውጭ ቀርቷል፤ ደቢያን 13ም ለሱ ከርነልና ኢንስቶለር አያወጣም።

ከርነሉ በዘመነ ቁጥር የዋይፋይ ድራይቨራችን ይጠፋል። «ኢንተርፌስ አይሰበርም» አልተባለም?

የሊኑክስ ከርነል ቃል የገባው ለተጠቃሚ ፕሮግራሞች ነው። በውስጡ ላሉ ሞጁሎች (እንደ ድራይቨር ላሉት) የተረጋጋ ኢንተርፌስ አይሰጥም፤ ይህም አውቆ የተደረገ ነው። ኡቡንቱ ላይ «6.8.0-31» የሚለውን ብትወስዱ 31 የኤቢአይ ቁጥር ነው፤ እሱ ሲቀየር ከውጭ የተጫነ ሞጁል እንደገና መገንባት አለበት። ዲኬኤምኤስ ይህን በራሱ ይሠራል፤ ግን የአዲሱ ከርነል ሄደር ፓኬጅ ከሌለ ይወድቃል። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት የሚያገኘው በዚያው ዋይፋይ ከሆነ ደግሞ ሄደሩን ለማውረድ መንገድ የለም። ስለዚህ ሄደሩ ከከርነሉ ጋር አብሮ እንዲዘምን አድርጉ፤ ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት የዲኬኤምኤስን ሁኔታ እዩ፤ አሮጌውን ከርነል አታጥፉት፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሚመጣው የግረብ ሜኑ ተመልሳችሁ ትገቡበታላችሁ።

ፍሪቢኤስዲ በአንድ የስቴብል ቅርንጫፍ ውስጥ የሞጁል ኢንተርፌስንም ለመጠበቅ ይሞክራል። የግራፊክስ ሞጁሎች ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ያፈነግጣሉ፤ ከ14.0 ወደ 14.1 ስትሄዱ እነሱን ለይታችሁ ከምንጭ ኮድ ገንቡ።

የምንሸጠውን ፕሮግራም የቱ ላይ እንገንባው?

ደንበኛው ከሚጠቀመው ሁሉ አሮጌ በሆነው ላይ። ጂሊብሲ ኡቡንቱ 20.04 ላይ 2.31፣ 22.04 ላይ 2.35፣ 24.04 ላይ 2.39 ነው። በ2.34 የፕሮግራም ማስነሻው ራሱ አዲስ ቨርዥን ስለተሰጠው፣ 22.04 ላይ የተገነባ «ሰላም» የሚል ብቻ ፕሮግራም እንኳ 20.04 ላይ «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። ከአሮጌ ወደ አዲስ ግን ይሄዳል። አዲስ ላፕቶፕ ይዛችሁ 20.04ን ኮንቴይነር ውስጥ አስነስታችሁ እዚያ ገንቡ። ከመላካችሁ በፊት በኦብጅደምፕ የሚጠይቀውን ከፍተኛ የጂሊብሲ ቁጥር እዩ። የምስጠራ ላይብረሪው ኦፕንኤስኤስኤል ለብቻው ነው፦ 20.04 የ1.1 ቅጂ፣ 22.04 የ3 ቅጂ አለው፣ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ጅማ ላይ ያለ ላብ ወደ አዲስ ሪሊዝ መቼ ይሻገር?

ተማሪው ክረምት ሲወጣ ይመቻል፤ ችግሩ ክረምት መብራት ይቆራረጣል። ዩፒኤስ የሌለው ማሽን ላይ አትጀምሩ። መሀል ላይ ከጠፋ ሲነሳ ዲፒኬጂን ያልተዋቀረውን ሁሉ እንዲያዋቅር እዘዙት፣ ቀጥሎ አፕት የተሰበረውን ጥገኝነት እንዲጠግን።

ለኮኔክሽኑ አንድ ማሽን ላይ አፕት-ካሸር-ኤንጂ ጫኑና ሌሎቹን ወደ እሱ አዙሩ፤ ፖርቱ 3142 ነው። አንዱ ያወረደውን ሌላው ከዚያው ይወስዳል፤ ኪቶ ፉርዲሳ ላይ አንድ ክፍል ሙሉ ኮምፒውተር ያለው ሰው ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ያየዋል። የምንጭ ዝርዝሩ ላይ ደግሞ «ስቴብል» ብላችሁ አትጻፉ፣ «ቡክወርም» (12) ወይም «ትሪክሲ» (13) በሉ። «ስቴብል» ያለ ማሽን ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ትርጉሙ ከ12 ወደ 13 ተቀይሮበታል። ሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት ቅጂ እንዲይዝ ከተፈለገ የደቢያን ስናፕሾት አገልግሎት ላይ አንድ ቀን መርጣችሁ ሁሉንም እዚያ ላይ አቁሟቸው፤ የሴሚስተሩ ፈተና እስኪያልቅ ቀኑን አትቀይሩት።